እፈታሻለሁ

ረቡዕ ጠዋት ቆርቆሮ ሠሪው እንደ ልማዱ ግድግዳውን ሁለቴ ቢያንኳኳ መልስ አጣ። በእሱና በጎረቤቱ ሱቅ መካከል ያለው አንድ ስስ ጣውላ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታቸው ይኸው ነበር፤ እሱ ሁለቴ ሲያንኳኳ ሽማግሌው አንዴ በመዶሻ ይመልስለታል፣ ከዚያ ሁለቱም ወደየሥራቸው። ዞሮ ሄዶ በሩን ገፋ ሲያደርገው ተከፈተ። ሽማግሌው ከበርጩማው አጠገብ በጎኑ ተጋድሟል። ከጆሮ ግንዱ በላይ ያለው ደም ደርቋል፤ የገዛ የእንጨት መዶሻው እግሩ ሥር ወድቋል።

መርማሪው ሲደርስ ደጁ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል፤ ወደ ውስጥ የገባ ግን አንድም የለም። ሳጅኑም ቢሆን ደፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

«ጌታዬ፣ እኔ ውጭውን ብጠብቅስ?»

«ውጭው ሃያ ጠባቂ አለው። ግባ።»

ሳጅኑ ቢፈራ አይፈረድበትም። ሟቹ ጠራቢ ነው፤ የሚጠርበው ግን ወንበርና አልጋ አልነበረም። ከለስላሳ እንጨት ስንዝር የማይሞሉ የሰው ምስሎች ይቀርጽና ሆዳቸውን ይቦረቡራል። ደንበኛው ሊያሳስረው የፈለገውን ሰው ስም በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በምስማር ይጭራል፣ ጠቅልሎ ምስሉ ሆድ ውስጥ ይከታል፣ በሰም ይደፍናል፣ በመጨረሻም በሲባጎ ሰባት ጊዜ ጠምጥሞ ይቋጥረዋል። ከዚያው እንጨት የፈለጠውን ስባሪ ለደንበኛው ይሰጠዋል፤ ደንበኛው ደግሞ ወስዶ የዚያ ሰው ጉበን ላይ ይሰካዋል። ስሙ የገባበት ሰው ትዳሩ ይታሰራል፣ ሥራው ይታሰራል፣ እንቅልፉ ሳይቀር ይታሰራል ይባላል። ሰፈሩ ሽማግሌውን «ጋሽ ቋጠሮ» ይለዋል። የሚለው ግን ከጀርባው ነው፤ ፊት ለፊት የሚያናግረው ሰው አልነበረውምና።

መርማሪውም የቅጽል ስም አላጣም፤ ጣቢያው ውስጥ «አይቸኩሌ» ነው የሚሉት። ሚስቱ ከፈታችው አራት ዓመት ሆኖታል። ቤቱ ሲገባ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ይሁን ተፈጥሮው ሆኖ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ያን ዕለትም በርጩማው ላይ ተቀምጦ ረጅም ጊዜ ግድግዳውን አየ። ከጣሪያው እስከ ወለሉ ሰባት መቶ የሚያህሉ ምስሎች በምስማር ተንጠልጥለዋል። የእያንዳንዳቸው እግር ሥር የተሠሩበት ዓመት በመሮ ተጭሯል። የሁሉም ሲባጎ ጀርባቸው ላይ ተቋጥሯል፤ ትርፉ ሳይቆረጥ እንደ ጭራ ወደ ታች ተንዘላዝሏል።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ነበሩ። አንዱ ተጠጥቶ አልቋል። ሌላው አፉ ድረስ እንደ ሞላ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ስስ ነገር ሠርቷል። በሁለቱ መካከል አንድ ምስል ተኝቷል፤ እግሩ ሥር የተጻፈው ዓመት የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመትን ያሳያል። የሆዱ ሰም በቢላ ተነስቷል። ሲባጎው ግን ተጠምጥሟል፣ ያውም እንደ ሌሎቹ አይደለም። በቁመትና በወርድ ተጠላልፎ ደረቱ ላይ ጠብቋል፣ ጣት የምታስገባ ቀለበት ተትቶለታል፣ ትርፉም ከሥሩ ተቆርጧል።

«አዲስ ስልት ጀምሮ ይሆናላ» አለ ሳጅኑ ከሩቅ።

መርማሪው ምስሉን በላስቲክ ከረጢት ከተተው።

ቆርቆሮ ሠሪውን በራሱ ሱቅ ውስጥ አናገረው። ሰውየው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሸንዳ ሲቀጠቅጥ በመዋሉ ከጎረቤት አንድም ድምፅ አልሰማም። ፀጉር ሠሪዋ ፊት ለፊት ናት፤ ማክሰኞ ግን ዝግ ነው። ይሁንና ሰኞ ወደ አመሻሽ፣ መዶሻው ባረፈበት ሰዓት፣ ሽማግሌው በስልክ ሲያወራ ግድግዳውን ዘልቆ ሰምቶታል። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«"ነገ ከሰዓት ነይ፣ እፈታሻለሁ" ነው ያላት። እንዲህ ነው ያለው፤ እግዜር ያሳያችሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ ሚስት እንዳለው አላውቅም ነበር።»

ሚስት! ነገሩ ቀላል መሰለ። የምትፈታ ሴት መጣች፣ ቃል ተለዋወጡ፣ መዶሻው ቅርብ ነበር። መርማሪው ራሱ አልተጠራጠረም። ያቺን ቃል በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጆሮው ሰምቷታል፤ ምን እንደምታስከትልም ያውቃል። ረቡዕን ሙሉ ጣቢያው የሽማግሌውን ሚስት ሲፈልግ ዋለ። የጋብቻ መዝገብ ተገለበጠ፣ የቀድሞ የቤት አከራዮች ተጠየቁ። ሳጅኑ አንዲት የሰባ ዓመት ባልቴት ይዞ መጣና «ሰውዬው አግብቶሽ ነበር?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ባልቴቲቱ ማን ይሙት ብላ ሳቀች፤ ከአርባ ዓመት በፊት አግብቷት የጠፋው ሰው ቢፈለግላት ግን ደስታዋ መሆኑን ነገረችው። ሚስት አልተገኘችም።

ሐሙስ ጠዋት ጥርጣሬው ወደ አንድ ሥጋ ሻጭ ዞረ። ባለፈው ወር ሽማግሌው ደጅ ላይ ቆሞ «ቤትህን በላይህ ላይ አነዳታለሁ» ብሎ ሲዝት ሰፈሩ ሰምቷል። ሰውየው ዛቻውን አልካደም። ተቀናቃኙን ሥጋ ሻጭ ሊያሳስር ምስል አሠርቶ ነበርና የሆነበትን ሲተርክ ዓይኑ እንባ ሊያቀር ምንም አልቀረው።

«ጌታዬ፣ ታስሯል የተባለው ሰውዬ በሦስት ወሩ ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ! ጋሽ ቋጠሮን ሄጄ ባፋጥጠው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንተም ሥጋውን አታስረጀው" አለኝ።»

ማክሰኞ ከሰዓት ግን ሥጋ ሻጩ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበር። ምስክር አያሻውም ነበር፤ አንድ ጉንጩ እንደ ኳስ ተነፍቷል።

ያኔ ነው ፀጉር ሠሪዋ ያስታወሰችው። ሰኞ ቀትር ላይ አንዲት ሴት፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ረስታው፣ ወደ ሽማግሌው ሱቅ ስትገባ በመስታወት አይታታለች። ስትወጣ ታለቅስ ነበር። ሳጅኑ ልብስ ሰፊዋን ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ሦስት ቤት አለፍ ብላ የተማሪ የደንብ ልብስ የምትሰፋ፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። ሰኞ እዚያ መሄዷን አመነች። ለምን እንደ ሄደች ግን አትናገርም። ማክሰኞን ቤቷ ስትሰፋ ብቻዋን እንደዋለች ተናገረች፤ ያየኝ አለ የምትለው ሰው ግን ስላልነበራት ተይዛ ወደ ጣቢያ ተወሰደች።

ምስሉን የጣቢያው አዛዥ ፊት ፈተሹት፤ ሆዱ ባዶ ነው። አዛዡ ጉዳዩ ያለቀለት መሰለው። ሴትየዋ ያሳሰረችውን ሰው ስም ልትደብቅ ቆርቆሮውን አውጥታ ጥላለች፣ ሽማግሌው ሲከለክላት መትታዋለች። እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሌላ ነገር ካልተገኘ ክሱ እንዲጻፍና ሴትየዋ ወደ ወህኒ ቤት እንድትዛወር አዘዘ። ባሏ ከሦስቱ ልጆቹ ጋር ጣቢያው በር ላይ ነው፤ ትንሿ የእናቷን ጫማ ይዛ መጥታለች፣ እናትየው በነጠላ ጫማ ነበርና የተወሰደችው።

መርማሪው ማረፊያ ክፍሏ ድረስ ወርዶ ጠየቃት። እርጋታው ብዙ ሰው ያናግራል፤ እሷን ግን አላናገራትም። ሊወጣ ሲነሳ ብቻ ቀና አለች።

«የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። ለእህቴ ግን ምንም እንዳትነግሯት።»

«የትኛዋ እህትዎ?»

አፏን በእጇ ያዘች። ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

እህትየው ማን እንደሆነች ሳጅኑ አጣራ። በአምስት ዓመት ትበልጣታለች፤ ትልቁ ፖስታ ቤት የጥቅል ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ አላገባችም፤ ሁለቱ እህትማማቾች ከተነጋገሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ዓርብ ጠዋት መርማሪው ብቻውን ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሃያ ሁለት የሚለው ቁጥር ቢከነክነውም መያዣ አላገኘለትም። አዛዡ ስለ ቆርቆሮው በተናገረው ነገር ልቡ ስላልረጋ፣ ቢያንስ ሌላው ምስል ውስጥ ያለው ምን እንደሚመስል ልይ ብሎ አንዱን ከግድግዳው አወረደ። ሰሙን በሴንጢ አነሳ። ባዶ። ሌላ ዓመት የተጻፈበትን አወረደ። እሱም ባዶ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። ቆርቆሮ ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ወደ ውስጥ አስገባ።

መርማሪው ሽማግሌው በእነዚያ ዓመታት ስንት ቆርቆሮ እንደወሰደ ጠየቀው።

«መዳፍ የምታህል አንዲት ቁራጭ። የመጣ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠየቀኝ። እኔ ሌላ ቦታ የሚገዛ መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር እንጂ።»

ቁራጯን ከጠረጴዛው መሳቢያ አገኟት። በጣት ስፋት የተቆረጠች አንዲት ሪባን ናት። ቆርቆሮ ሠሪው ወደ ብርሃን አዞራትና በአውራ ጣቱ ዳበሳት። ፊቷ በጭረት ብዛት ደብዝዟል፤ ፊደል በፊደል ላይ ተደራርቦ አይነበብም።

«በአሸዋ ፈትጓታል። ይጭራል፣ ይፈትጋል። ይጭራል፣ ይፈትጋል።» ሽማግሌው ደንበኛውን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚታሰረውን ሰው ስም ይጽፍለትና ይጠቀልል ነበር፤ ደንበኛው እንደወጣ ግን መልሶ ያወጣው ነበር ማለት ነው። ቆርቆሮ ሠሪው ሰባት መቶውን ምስል አንድ ባንድ ተመለከተ። «አንድም ሰው አላሰረም? ታዲያ እኛ ሃያ ስድስት ዓመት ምኑን ነው የሸሸነው?»

መርማሪው ቁራጯን ተቀብሎ በከረጢት ከተታት። ቆርቆሮ ሠሪው ወሬውን ቀጠለ። ሽማግሌውን ማንም አይወደውም ነበር፣ የሚመጡት ሊያሳስሩ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሊያስፈቱ።

«ሊያስፈቱ?»

«ያሳሰሩትን ነዋ። ፀፀት ሲይዛቸው ይመጣሉ። ያኔ ሰሙን ያነሳና ሲባጎውን ይፈታላቸዋል።»

መርማሪው እንደ መደንገጥ አለ። ከዚያም ያለ ልማዱ ሳቀ፤ ሳቁ ለራሱም አላማረውም። ለካ ሽማግሌው ሚስት አልነበረውም። ያቺ ቃል እሱ ቤት አንድ ትርጉም ስላላት እዚህም ያው መስላው፣ አንድ ሙሉ ጣቢያ ይዞ የሌለች ሴት ሲያሳድድ ከረመ። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚፈታው ትዳር አይደለም። «ነይ፣ እፈታሻለሁ» የተባለችው ሴት ታስሬያለሁ ብላ የምትኖር ሴት ናት። ሃያ ሁለት የሚለው ቁጥርም ያኔ መያዣ አገኘ፤ ወደ ታላቅ እህትየው ያመራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፖስታ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ባለጉዳይ እሱ ነበር። የጥቅል ክፍሉ በጓሮ በኩል ያለ ረጅም ክፍል ነው፤ አንድ ሚዛን፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ጀርባ ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት። ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«የሚላክ ነው የሚወሰድ?»

ማንነቱን ነገራት። ራሷን ነቀነቀችና እጇ ላይ ያለውን ጥቅል ልጨርስ አለችው። ቆሞ ጠበቃት። ሲባጎውን በቁመት አዞረች፣ በወርድ አሳለፈች፣ በጉልበቷ ደግፋ አጠበቀች። ላዩ ላይ ጣት የምታስገባ ቀለበት ተወች፤ ሰው አንጠልጥሎ እንዲሄድ ነው። ከዚያ መቀሱን አንስታ ትርፉን ከሥሩ ቆረጠች። ሁሉን ነገር ያደረገችው ሳታየው ነው፣ ሰው ጫማውን እንደሚያስር።

መርማሪው በከረጢት የከተተውን ምስል አስታወሰ። ያሰበውን መናገር ትቶ የመጣበትን ብቻ ተናገረ።

«እህትዎ ታስራለች።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሦስት ልጆች አሏት። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ክስ ይጻፍባታል።»

ሴትየዋ ጥቅሉን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። መርፌው ተወዛውዞ እስኪቆም ድረስ አየችው።

«እሷ ሁለት ቀን ቢሆናት ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ።» ድምፏ ሳይለወጥ ነገረችው። ልታገባ ሳምንት ሲቀራት ጉበኗ ላይ የእንጨት ስባሪ አገኘች። ሰውየው በዚያው ወር ሌላ አገር ሄዶ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁሉ ራሷ መለሰቻቸው፤ የታሰረች ሴት አግብቶ የሰው ልጅ ምን በወጣው ብላ። ልጅ መውለድ ተወች። ጎረቤት መጥራት ተወች። ማን እንዳሳሰራት አታውቅም ነበር፤ እህቷ መያዟንና የት እንደታየች ስትሰማ ግን ገባት፤ ታናሿ ከዚያ ዓመት ወዲህ ለምን እንደሸሸቻትም እንዲሁ። ያንን ሰው ታናሿም ትወደው ነበር። «አሁን ገባኝ» አለች።

«እርስዎን ያሰረ የለም» አላት መርማሪው በቀስታ። «ምስሉ ባዶ ነው።»

«እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ።»

ቃሉ ከአፏ ወጣ። ጥቅሉ ሚዛኑ ላይ ነው። ከጎን ክፍል የማኅተም ምት ይሰማል።

መርማሪው ማስታወሻውን አላወጣም። ሴትየዋም ለመካድ አልሞከረችም፤ እንዲያውም የሚሰማት ሰው ማግኘቷ ያሳረፋት መሰለ። ሰኞ ሽማግሌው እዚሁ ደወለላት። ማክሰኞ ስትሄድ ወንበሩን ጠርጎ ጠበቃት።

«ደስ የሚለኝ መስሎት ሻይ አፈላልኝ። ሲባጎውን በጠሰው፣ ሰሙን አነሳና "ይኸው፣ እይው፣ ስምሽን አንድም ቀን አስገብቼው አላውቅም፤ የማንንም አስገብቼ አላውቅም፤ ነፃ ነሽ" አለኝ። እየሳቀ! ሃያ ሁለት ዓመት... ታስሬ ቢሆን እኮ ይገባኛል። ታስሬ ቢሆን አንድ ነገር ነው።» እጆቿን አየቻቸው። «መዶሻው እንዴት እጄ እንደገባ አላውቅም።»

«ከዚያስ ለምን መልሰው አሰሩት?»

«ምኑን?»

«ምስሉን።»

ግራ ገባት። ማሰሯን አታስታውስም ነበር። ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እጇን ሰደደችና የሲባጎ ጥቅልል አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ከተተችው።

«እንደ ተከፈተ ትቼው ልሄድ አልቻልኩም ይሆናል» አለች።

መርማሪው አሁን አንድ ነገር መንገር ነበረበት። ታናሺቱ «ለእህቴ እንዳትነግሯት» ብላዋለች፤ እሱም ቃል ባይሰጥም ቃል የሰጠ ያህል ከብዶታል። ይሁንና ሰዓቱ አራት አልፏል፤ ትንሿ ልጅ ጫማ ይዛ ቆማለች።

«ታናሽዎ ሰኞ የሄደችው ልታስፈታዎት ነው። አልቅሳ ለምናዋለች፤ እርስዎ ዘንድ የደወለውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ብትናገር ወዲያው እንጠራጠራት ነበር ወይ? አንጠራጠራትም ነበር። ያልተናገረችው እርስዎ እንዳያውቁባት ነው። ልጆቿን ከማጣት ይልቅ የእርስዎን ፊት ማጣት ከበዳት።»

ሴትየዋ ጥቅሉን ከሚዛኑ አወረደች፣ ክብደቱን ጻፈች፣ ማኅተም መታችበት። መስኮቱን ዘጋች፣ ካፖርቷን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለችው፣ ለጎን ክፍሉ ሠራተኛም ልወጣ ነው አለችው። ሠራተኛው ሰላም ዋይ እንኳ ሳይላት ሥራውን ቀጠለ። ሲወጡ መርማሪው እጇን አልያዘም፤ ጎን ለጎን ሄዱ፣ ለሚያያቸው ሰው ዘመዳሞች መስለው።

የታላቂቱ ቃልና የታናሺቱ መፈቻ ወረቀት ተፈርሞ ያለቀው ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። አዛዡ አጉረመረመ እንጂ አልከለከለም። መርማሪው ሁለቱን እህትማማቾች በአንድ ክፍል ሩብ ሰዓት ብቻ ላገናኛቸው ብሎ ኃላፊነቱን በፊርማው ወሰደ፤ ሳጅኑን ውጭ አቁሞ ራሱ በሩ ሥር ተቀመጠ።

መጀመሪያ ታናሺቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። በኋላ የእህቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ «ይቅር በይኝ እትዬ» ስትል፣ ታላቂቱ በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛ አስነሳቻት። ይቅር ብዬሻለሁም፣ አላልኩሽምም አላለቻትም። ከኪሷ የቤቷን ቁልፍ አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላትና ስለ ቤቱ ትነግራት ጀመር። ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ባልዲ አይለየው። የመስኮቱ መቀርቀሪያ ከታች ገፋ ካልተደረገ አይከፈትም። ምድጃው ላይ ያለው ድስት ሳይታጠብ ቀርቷል። ታናሺቱ ሁሉን እሺ፣ እሺ ትላለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ሩብ ሰዓቱ አልፏል። ሳጅኑ ሰዓቱን ሲያሳየው መርማሪው አላየሁም ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ደግሞ» አለች ታላቂቱ፣ «ቤት ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው። ሌላ ግዢበት።»

«ለማን?»

«ለማን ትለኛለች እንዴ? ስወጣ አንዳችን ልንቆም ነው?»